ለሕክምና ትምህርት የሚያበቃው የሳይንስ ዝግጅት፤ አጀማመሩና ያስከተለው ነገር

፩፤ መግቢያ

ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ኬሚስትሪ፥ ፊዚክስና ባዮሎጂ መማር፥ በእነዚህም ትምህርቶች በቂ ውጤት ማግኘቱን በማስረጃ ማሳየት እንደሚገባው ዛሬ ሁሉም ያውቃል። ነገሩ በጣም የተለመደ ስለ ሆነ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሥርዓት ይመስለናል። ነገር ግን ሥርዓቱ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ዕድሜ ያለው ነው። ሲጀመር ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል፤ ከጸናም በኋላ ሕመምተኛውን ሲጠቅም፥ አንዳንዱን ተማሪ ደግሞ ከደጅ የሚያስቀር ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የመጻሕፍት ንባብ ብቻ አይደለም። እኔ የተማርሁት በአንድ የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ቋንቋና ሒሳብ በሚገባ አስተምረውናል፤ ስለዚህም ሁልጊዜ አመሰግናለሁ። ኬሚስትሪን ግን የተማርነው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበረ፤ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ የሚሆነውን ነገር በጠመኔ ተጽፎ እንጂ በብርጭቆ ውስጥ ሲሆን አላየንም። ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጥ የነበረ ጓደኛዬ ሐኪም ለመሆን ቆርጦ ኮሌጅ ገባ፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን የኬሚስትሪ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሆነ። አንድ ቀን ማታ ወረቀቱን እያሳየኝ፥ «እንግዲህ እኔ ለሕክምና አልተፈጠርሁም ማለት ነውን?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ የታሪክ ተማሪ ስለ ሆንሁ ስለ ተፈጥሮው የምመልስለት ቃል አልነበረኝም። ሆኖም ጥያቄው ሌሎች ጥያቄዎችን አስነሣብኝ። ይህ የሳይንስ ውጤት የሚባለው መለኪያ ከየት መጣ? ምንን ለመለካት ተሠራ? መለኪያውን በመጀመሪያ ጊዜ ያላሟላ ሰውስ ምን መንገድ ነበረው? የነዚህ ጥያቄዎች መልስ በይበልጥ የሚገኘው በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ታሪክ ውስጥ ነው፤ ስለ መለኪያው እዚያ በግልጥ ተከራክረዋል፥ ክርክሩም በጽሑፍ ቀርቷል። ከአገራችን ሰዎች አንዱም በዚያው በር ስላለፉ፥ ታሪኩ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

፪፤ መለኪያ ያልነበረበት ዘመን

በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ከነበሩት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በእውነት የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች አልነበሩም። ጥቂት ሐኪሞች ይተባበሩና አዳራሽ ይከራያሉ፥ ማስታወቂያ ያወጣሉ፥ ተማሪዎችንም ይቀበላሉ፤ ተማሪው የሚከፍለው ገንዘብ የመምህራኑ ገቢ ነበረ። እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት ተማሪን ከደጅ መመለስ ማለት ገንዘብን መመለስ ማለት ስለ ነበረ፥ የመግቢያው ጥያቄ ቀላል ሆነ። ትምህርቱም በአዳራሽ ተቀምጦ መምህሩ የሚናገረውን መስማት ሲሆን፥ በዓመት ከአራት ወይም ከአምስት ወር አይበልጥም ነበረ። በሁለተኛው ዓመት የሚሰጠውም አዲስ ነገር ሳይሆን በመጀመሪያው ዓመት የተሰጠው ያው ትምህርት ነበረ።

በስመ ጥሩው በሃርቫርድ እንኳ ሁኔታው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። የመመረቂያው ፈተና በቃል ብቻ ነበረ። ዘጠኝ መምህራን ተማሪውን በየተራ ለጥቂት ደቂቃ ይጠይቁታል፤ በአምስቱ ዘንድ ካለፈ፥ በአራቱ ቢወድቅም ዲግሪውን ያገኛል። ስለዚህ ኬሚስትሪን ወይም የሰውነትን አሠራር ምንም የማያውቅ ሰው፥ በሌላው ስላለፈ ብቻ፥ ሕመምተኛ እንዲያክም ይፈቀድለት ነበረ ማለት ነው።

በ1869 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቻርልስ ኤልየት ራሳቸው የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። በ1871 ትምህርቱ ሦስት ዓመት ሆኖ በደረጃ እንዲከፋፈል፥ ፈተናውም በጽሑፍ እንዲሆንና ተማሪው በሁሉም እንዲያልፍ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ከነባሮቹ መምህራን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። የቀዶ ሕክምና መምህሩ ሄንሪ ቢግሎ፥ ከተማሪዎቹ የሚበዙት በቅጡ መጻፍ እንኳ ስለማይችሉ የጽሑፍ ፈተና የማይሆን ነገር ነው ብለው እንደ ተከራከሩ ይነገራል። ቢግሎ ይህን የተናገሩት ለውጡን ለማስቀረት ነበረ፤ ዛሬ ለሚያነበው ሰው ግን ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። የተማሪው ቍጥርም ለጊዜው በብዙ ቀነሰ፤ በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ አገገመ። ሃርቫርድ ወደ ሕክምና ለሚገባ ተማሪ የኮሌጅ ዲግሪ መጠየቅ የጀመረው ከዚህ 30 ዓመት ቆይቶ በ1901 ነው።

፫፤ የመጀመሪያው ሙሉ መለኪያ፤ ጆንስ ሆፕኪንስ፥ 1893

በመካከሉ የሕክምና እውቀት ራሱ ተለውጦ ነበረ። በፈረንሳይ ሉዊ ፓስተር፥ በጀርመን ሮበርት ኮህ በሽታ ከጥቃቅን ሕያዋን እንደሚመጣ አሳዩ፤ ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በ1882 አስታወቁ። ከዚህ በኋላ ሐኪም የሚሆን ሰው ሕመምተኛውን በዓይኑ ከማየትና በእጁ ከመዳሰስ ሌላ በማይክሮስኮፕ ማየት፥ ደምና ሽንት በኬሚካል መመርመር፥ የምርመራውንም ውጤት ማመዛዘን ግዴታ ሆነበት። ኬሚስትሪ ያልተማረ ሰው የፊዚዮሎጂን ትምህርት መከተል አይችልም፤ ፊዚዮሎጂ ያልገባው ደግሞ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን አያውቅም። የሳይንስ ዝግጅት የተጠየቀው እንግዲህ ተማሪዎችን ለማሳነስ ሳይሆን፥ አንዱ ትምህርት በሌላው ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው እንደማይጀምር ያለ ነው።

ይህን አሳብ በሙሉ ሥራ ላይ ያዋለው በባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1876፥ ሆስፒታሉ በ1889 ተከፈተ፤ የሕክምናው ትምህርት ቤት ግን የዩኒቨርሲቲው ሀብት የነበረው የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ትርፍ ማስገባቱን ስላቋረጠ በገንዘብ እጦት ዘገየ። በዚህ ጊዜ ሜሪ ኤልሳቤጥ ጋሬት የተባሉ ባለጸጋ ሴትና ጓደኞቻቸው ገንዘብ ለመስጠት ተነሡ፤ ሚስ ጋሬት ብቻቸውን ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ሰጡ። ስጦታው ግን ሁለት ግዴታ ነበረበት። አንደኛው፥ ሴቶች ከወንዶች ጋር በእኩልነት እንዲገቡ ነው። ሁለተኛው፥ የሚገባ ሁሉ የኮሌጅ ዲግሪ ያለው፥ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የተማረ፥ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛም ማንበብ የሚችል እንዲሆን ነው።

ሁለተኛውን ግዴታ አስቀድመው ያሰቡት የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዊልያም ዌልች ነበሩ፤ ሚስ ጋሬት ግን አጥብቀው በያዙበት ጊዜ ዌልች ራሳቸው ተማሪ እናጣለን ብለው ፈሩ። ታላቁ ሐኪም ዊልያም ኦስለርም፥ እኛ በመምህርነት መግባታችን ደግ ሆነ እንጂ በተማሪነት ብንመጣ አንገባም ነበረ ብለው እንደ ቀለዱ ይታወቃል። በቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ታላላቆቹ መምህራን ራሳቸው ባላለፉበት በር ሌላውን እንዲያልፍ ይጠይቁ ነበረ። ትምህርት ቤቱ በ1893 ሲከፈት 18 ተማሪዎች ገቡ፤ ከነዚህም 3ቱ ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከፍተኛው መለኪያና ለሴቶች የተከፈተው በር በአንድ ስጦታ ውስጥ አብረው የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ከፍ ያለ መለኪያ በባሕርዩ በር የሚዘጋ ነው ማለት አይቻልም። በር የሚዘጋ መሆን አለመሆኑ ከመለኪያው ጋር ምን አብሮ እንደ ተደረገ ይወሰናል።

፬፤ የሚስተር ፍሌክስነር ጉብኝት

ጆንስ ሆፕኪንስ ለብዙ ጊዜ ብቻውን የሚታይ ምሳሌ ሆኖ ቆየ። ምሳሌውን ወደ አገር አቀፍ ሥርዓት ያቀረበው በ1910 የታተመው የአብርሃም ፍሌክስነር ጥናት ነው። ፍሌክስነር ሐኪም አልነበሩም፤ በኬንታኪ ክፍለ ሀገር በሉዊቪል ከተማ ተማሪዎችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ከፍተው ያስተማሩ መምህር ነበሩ። የካርኔጊ ድርጅት ይህን ሥራ እንዲይዙ ሲጠይቃቸው ሐኪም ከሆኑት ከወንድማቸው ጋር ያሳሳታቸው መስሏቸው ነበረ።

ፍሌክስነር በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጐበኙ። በየትምህርት ቤቱ የሚያዩት ነገር የታወቀ ነበረ፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ የሚጠየቁት ዝግጅት፥ የመምህራኑ ቍጥርና ሥልጠና፥ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፥ ቤተ ሙከራዎቹ፥ እንዲሁም ተማሪዎቹ በሆስፒታል ሕመምተኛ ማየት መቻላቸው ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በየበሩ ላይ የትምህርቱ ስም ተጽፎ ክፍሎቹ ግን ተቈልፈው ስላገኙ፥ አስጐብኚያቸው ከተለያቸው በኋላ ተመልሰው ለዘበኛው ጉርሻ በመስጠት አስከፍተው እንዳዩ በኋላ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። በውስጡ የተገኘው ወንበርና ጠረጴዛ እንጂ የቤተ ሙከራ ዕቃ አልነበረም።

ለእኛ ጕዳይ ዋናው ግን ስለ መግቢያው ያገኙት ነው። ከ155ቱ ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የኮሌጅ ትምህርት የሚጠይቁት 16 ብቻ ነበሩ። ከሌሎቹ ብዙዎቹ በማስታወቂያቸው ላይ «የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ወይም ተመጣጣኙ» ብለው ይጽፉ ነበረ። ይህ «ተመጣጣኙ» የሚለው ቃል ማንንም ለማስገባት የሚመች ቀዳዳ መሆኑን ፍሌክስነር በግልጥ አሳዩ። ከዚህም የተነሣ የሕክምና መምህሩ በኮሌጅ ማለቅ የነበረበትን መጀመሪያውን ኬሚስትሪ በሕክምና ክፍል ውስጥ እያስተማረ ጊዜው ያልቃል፤ ተማሪው ወደ ሕመምተኛው ሲደርስም ገና ያልጨረሰው መሠረት ከኋላው ይቀራል። ስለዚህ ፍሌክስነር ቢያንስ ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፥ በውስጡም ኬሚስትሪ፥ ፊዚክስና ባዮሎጂ እንዲጠየቅ አሳሰቡ።

ለውጡ አስቀድሞ ጀምሮ ነበረ፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የሕክምና ትምህርት ምክር ቤቱን ያቋቋመው በ1904 ነው። ከጥናቱ በኋላ ግን ነገሩ ፈጠነ። በ1920 ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች 92 በመቶ የሚሆኑት የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዝግጅት የሚጠይቁ ሆኑ። ማሟላት ያልቻሉት ተዘጉ ወይም ከሌላው ጋር ተቀላቀሉ፤ በ1920 የቀሩት 85፥ በ1935 ደግሞ 66 ነበሩ። ለሕመምተኛው ይህ ታላቅ በጎ ነገር መሆኑን የሚክድ የለም።

፭፤ ስለ ድኻው ልጅ የተደረገው ክርክር

ደካሞቹ ትምህርት ቤቶች አንድ ብርቱ መከላከያ ነበራቸው። «እኛ ብንዘጋ የድኻ ልጅ ሐኪም መሆኛ ያጣል» ይሉ ነበረ። ፍሌክስነር ለዚህ የሰጡት መልስ አጭርና ጠንካራ ነው። አሳባቸው፥ ድኻ ስለ ሆነ ብቻ ሐኪም የመሆን መብት ያለው ሰው የለም፤ መመዘኛው ለኅብረተሰቡ የሚበጀው ነው የሚል ነው። በእርግጥም ባልተማረ ሐኪም እጅ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ድኻው ሕመምተኛ ስለ ሆነ፥ መልሱ ከሕመምተኛው በኩል ሲታይ ትክክል ነው።

ነገር ግን በእኔ አስተያየት መልሱ ግማሽ መልስ ነው። ያልተዘጋጀ ሰው አይግባ የሚለውን ይናገራል፤ ያልተዘጋጀው ሰው የት ሄዶ ይዘጋጅ የሚለውን ግን በበቂ አይመልስም። ይህ ጕድለት ምን እንዳስከተለ በግልጥ የሚታየው በአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ነው። በ1910 ጥቁር ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሰባት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ፍሌክስነር ሊቆዩ ይገባል ያሉት ሁለቱን ብቻ፥ ማለት በዋሺንግተን ያለውን ሃዋርድንና በናሽቪል ያለውን ሜሃሪን ነው። አምስቱ እስከ 1923 ድረስ አንድ በአንድ ተዘጉ። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ የነጮች ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም ነበረ። ጥቁሩ ልጅ የሳይንስ ዝግጅቱን የሚያገኝባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆችም በዘር ልዩነት ሕግ ምክንያት በገንዘብ የተራቈቱ ነበሩ። እንግዲህ በሩ ከፍ ሲል፥ ወደ በሩ የሚያደርሰው ደረጃ አልተሠራለትም። ከዚህም በላይ ፍሌክስነር በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የጥቁር ሐኪም ሥራ በይበልጥ በወገኑ መካከል ንጽሕናን ማስተማርና በሽታ ወደ ነጮቹ እንዳይተላለፍ መከላከል እንደ ሆነ አድርገው መጻፋቸው፥ በትልቁ ሥራቸው ላይ ያለ ነውር ነው።

የጉዳቱን መጠን በ2020 የወጣ ጥናት ለመገመት ሞክሯል። አምስቱ ትምህርት ቤቶች ባይዘጉ ኖሮ እስከ 2019 ከ35 ሺህ የሚበልጡ ተጨማሪ ሐኪሞች ሊያስመርቁ ይችሉ ነበረ ይላል። ይህ ግምት ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ በምን ዓይነት ሁኔታ ይቀጥሉ እንደ ነበረ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ቢሆንም በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በፍሌክስነር ስም ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስሙን አንሥቶለታል።

፮፤ አንድ ኢትዮጵያዊ በዚህ በር ሲያልፉ

ከአገራችን ሰዎች በዘመናዊ ሕክምና ቀደምት የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ህንድ ተወስደው አደጉ፤ በላሖር የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት በ1882 ነው። ይህም ከላይ የተነገረው መለኪያ በአሜሪካ ከመጽናቱ በፊት መሆኑ ነው።

ዶክተር መላኩ በያን ግን በአሜሪካ የተማሩት መለኪያው ከጸና በኋላ ነው። በ1900 ተወለዱ፤ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ዘመን ለትምህርት በመጀመሪያ ወደ ህንድ ተላኩ፤ በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ውስጥ ኮሌጅ ቀርቶ የተሟላ የሳይንስ ትምህርት የሚሰጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንኳ አልነበረም። ስለዚህ መላኩ በቀጥታ ወደ ሕክምና ሊገቡ አይችሉም ነበረ። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በምትገኝ ትንሽ ከተማ ባለው የመስኪንገም ኮሌጅ ጀመሩ፤ ቀጥለው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ክፍል ገብተው በ1935 የሐኪምነት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

ከ1922 እስከ 1935 ያለው ጊዜ 13 ዓመት ነው። ይህን ቍጥር የሚያይ ሰው ዘገዩ ሊል ይችላል። የትኛውን መንገድ እንደ ሄዱ የሚያስብ ግን እንዲህ አይልም። የአገራቸው ትምህርት ቤት ሊሰጣቸው ያልቻለውን መሠረት ራሳቸው በውጭ አገር፥ በባዕድ ቋንቋ፥ ከታች ጀምረው መሥራት ነበረባቸው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአገራችን ተረት ለእርሳቸው የተነገረ ይመስላል። ደግሞም የገቡበት ሃዋርድ ከተዘጉት ከአምስቱ አንዱ ሳይሆን ከቆዩት ከሁለቱ አንዱ ስለ ነበረ ነው ሊገቡ የቻሉት። የግል ትጋት ብቻውን በቂ እንዳይደለ፥ የተከፈተ በርም እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንረዳለን። ዲግሪያቸውን በተቀበሉበት ዓመት የፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረ፤ ዶክተር መላኩም ወዲያው ወደ አገራቸው ተመልሰው በጦርነቱ ጊዜ ቍስለኞችን አከሙ። ከዚያም እንደገና ወደ አሜሪካ ሄደው በ1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ በ1940 ገና በ40 ዓመታቸው ዐረፉ።

፯፤ ደረጃውን በአገር ውስጥ የመሥራት ሥራ

ከነጻነት በኋላ የነበረው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነበረ፤ ኢትዮጵያዊ ተማሪ መሠረቱን ለመሥራት ሁልጊዜ ባሕር መሻገር አለበትን? ለምሳሌ በኋላ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ሁለተኛ ደረጃን በእስክንድርያ በቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምረው ነው ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በ1956 በሕክምና የተመረቁት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የሳይንስ ክፍል ከመጀመሪያው አንሥቶ ነበረው። ወደ ሕክምና ለመሄድ ያሰበ ተማሪ ባዮሎጂውንና ኬሚስትሪውን በአገሩ ተምሮ፥ ከዚያ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሌላ አገር የሕክምና ትምህርት ቤት መሄድ ተቻለው። በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የጤና መኰንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ጥበቃ ሠራተኞችን አሠለጠነ። በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም፥ የመጀመሪያው ደረጃም የመጨረሻው በርም በአንድ ከተማ ውስጥ ሆኑ። ጎንደርም በ1978 የሕክምና ትምህርት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ሌላ አሳብ መጥቷል፤ ይኸውም በመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕክምና ያልገባ ሰው በኋላ ተዘጋጅቶ የሚገባበት መንገድ ነው። በአሜሪካ የብሪን ማር ኮሌጅ በሌላ ትምህርት የተመረቁ ሰዎች የጐደላቸውን ኬሚስትሪ፥ ፊዚክስና ባዮሎጂ ተምረው ለሕክምና እንዲያመለክቱ የሚያዘጋጅ ትምህርት በ1972 ጀመረ፤ ሌሎችም ኮሌጆች ተከተሉት። በአገራችንም በ2012 በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት፥ በተፈጥሮና በጤና ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች የተቀበለ ነበረ። የሁለቱ አገሮች ችግር አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአሜሪካ የታሰበው መንገዱን ዘግይቶ ለመረጠ ሰው ሲሆን፥ በእኛ አገር ዋናው ምክንያት የሐኪም እጥረት ነበረ። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር አምነዋል። ሰው በ18 ዓመቱ ያመጣው ውጤት የመጨረሻው ቃል መሆን የለበትም።

፰፤ መደምደሚያ

እስካሁን ከተመለከትነው ሦስት ነገሮችን ለመረዳት ይቻላል። አንደኛ፥ የሳይንስ ዝግጅት መጠየቁ ተገቢ ነበረ፤ መነሻውም የሕመምተኛው ደኅንነት ነው። ሁለተኛ፥ መለኪያው የሚለካው ተማሪው ምን ያህል እንደ ተዘጋጀ እንጂ ምን ሆኖ እንደ ተፈጠረ አይደለም። የዝቅተኛ ውጤት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ስንፍና፥ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕቃ የሌለው ቤተ ሙከራ ነው፤ ሁለቱን በወረቀቱ ላይ ያለው ቍጥር አይለያቸውም። ሦስተኛ፥ በሩን ከፍ የሚያደርግ ሁሉ ደረጃውንም የመሥራት ግዴታ አለበት። ደረጃ በተሠራበት ስፍራ ከፍተኛው መለኪያ ሐኪሞችን አብዝቷል፥ አሻሽሏልም፤ ባልተሠራበት ስፍራ ግን የተረፈው ከበሩ ውጭ የቆመ ሕዝብ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ምክር ከዚህ ይወጣል። ውጤቱ ደካማ የሆነበት ሰው የጐደለው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ይወቅ፤ መጀመሪያውን ኬሚስትሪ ሳያጠራ ወደ ላይኛው አይዝለል፤ ከመጽሐፉ ጋር ቤተ ሙከራውን ያዘውትር፤ ትምህርቱን እንደገና መውሰድን ወይም አንድ ዓመት መጨመርን እንደ ውርደት አይቍጠረው። ይህ ምክር ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ፥ ወላጆቹ የሚጠባበቁት ልጅም በቀላሉ እንደማይቀበለው አውቃለሁ። ስለዚህ መምህራኖቻችንንና ኮሌጆችን በትሕትና የምለምነው ነገር አለ። ዕቃ ከሌለው ትምህርት ቤት ለመጡ ተማሪዎች ቤተ ሙከራው በማታም ሆነ በቅዳሜ ጥቂት ሰዓት ቢከፈትላቸው፥ የሚመራቸውም አንድ ሰው ቢመደብ፥ ወጪው ብዙ አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ጓደኛዬ በዚህ ዓመት ያንኑ የኬሚስትሪ ትምህርት እንደገና በመውሰድ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አሲዱን ጠብታ በጠብታ ወደ ብርጭቆው ሲያወርድ ቀለሙ ሲለወጥ በዓይኑ አይቶ፥ «ለካ ይህ ነው!» እያለ ወደ መኝታ ቤታችን መጣ። በሚመጣው ዓመት ወደ ሕክምና ይግባ አይግባ እኔ ልተነብይ አልችልም። ለጥያቄው ግን አሁን መልስ አለኝ። ወረቀቱ የነገረው ትናንት የቆመበትን ስፍራ ነው፤ የተፈጠረበትን ነገር ግን አልነገረውም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ወይም ጕድለት ቢገኝ፥ መምህራኖቼና ጓደኞቼ እንዲያርሙኝ በአክብሮት እለምናለሁ።